34 ሰዓት ዓለት ላይ

አንኮበር አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው የአፋርን ቆላ እንጂ ባሕር አያይም። እና እኛ ደገኞቹ ስለ መርከብ ምን አገባን? ያገባናል! ሸዋ ከፈረንጅ ጋር የተዋወቀችው በዚያ በኩል ነዋ። በ1841 (እ.ኤ.አ.) ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ስጦታ ይዞ ከቦምቤይ ተነስቶ፣ በኤደንና በታጁራ አድርጎ ነው አንኮበር የገባው።

ከ28 ዓመት በኋላ፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳለ፣ እኛ ጋ እንቁጣጣሽ በዋለ በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 4 ቀን 1862 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 13 ቀን 1869) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ ካርናቲክ የተባለች የእንግሊዝ መንገደኛ መርከብ ቀይ ባሕር ውስጥ የኮራል ዓለት ላይ ወጣች። ከስዊዝ ወደ ቦምቤይ እየሄደች ነበር። የስዊዝ ቦይ ሊከፈት ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ስለዚህ መንገደኛው ከእስክንድርያ እስከ ስዊዝ በየብስ መጥቶ ነው የተሳፈረባት። ሆዷ ውስጥ ደግሞ 40,000 ፓውንድ የሚያወጣ ወርቅ አለ።

ሲነጋ ሻድዋን ደሴት ቅርብ ናት፣ ጀልባም አለ። መንገደኞቹ "አውርደንና ወደ ደሴቲቱ እንሂድ" አሉ። ካፒቴን ጆንስ እምቢ አለ። የውኃ መምጠጫው እየሠራ ነው፤ ሱማትራ የምትባለው የድርጅቱ ሌላ መርከብም በዚያ በኩል ልታልፍ ነው። ምን ያስቸኩላል? (ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ ሂሳቡ እስከ ማታ ድረስ ትክክል ነበር።) መንገደኛው እራቱን በልቶ መርከቧ ላይ አደረ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውኃው የእንፋሎት ጋኖቹ ጋ ደረሰ፤ መብራትም መምጠጫም ቀጥ አለ። አሁንም ጠበቁ! በማግስቱ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ "በሉ ውረዱ" ሲባል ሴቶች ቀድመው ጀልባ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ያኔ መርከቧ ለሁለት ተሰበረች። 31 ሰው ሞተ፤ 5 መንገደኞች፣ 26 የመርከቧ ሠራተኞች። የተረፉት ሻድዋን ደርሰው እሳት አንድደው ርችት ተኩሰው ሱማትራን ጠሩ።

ሱማትራ እውነትም መጥታለች፤ ካፒቴኑ እንዳለው።

ወርቁን አብዛኛውን ጠላቂዎች አወጡት። ጆንስን ደግሞ መርማሪዎቹ ከባድ ጥፋት አጥፍቷል ብለው ፈቃዱን ለ9 ወር አገዱበት።