ዓሣው ተሻገረ፣ ዝንቡ ቀረ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በእንግሊዝ አገር፣ በስታፎርድሺር፣ ብላይዝ በሚባል ወንዝ አጠገብ አልፍሬድ ሮናልድስ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ወንድሙ ፍራንሲስ በ1816 የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ሠርቶ ያሳየ ሰው ነው። የአልፍሬድ ልብ ግን ከወንዝ አይወጣም። ትራውት የሚባለውን ዓሣ በላባና በክር በተሠራ ዝንብ ማጥመድ ይወድ ነበር። ውሎ ሲያድር ማጥመዱ ብቻ አልበቃው አለ። ዓሣው ምን ያያል? ምን ይመርጣል? ይህን ለማወቅ ውሃው ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ላይ፣ ከፊሏ ወንዙ ላይ የወጣች ጎጆ ሠራ። በመስኮቷ ቁጭ ብሎ ወደ ታች ይመለከታል።

ያን ጊዜ አጥማጆች ወንዝ ዳር ሲደርሱ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት፤ ዓሣው እንዳይሰማ። ሮናልድስ ግን ልሞክረው አለ። ወዳጁ የሆኑ አንድ ቄስ ከጎጆዋ ጀርባ ሆነው ጮኹ፤ ቀጥሎም ብልጭታው ለዓሣው እንዳይታይ ተደርጎ ጠመንጃ ተተኮሰ። ዓሣው ንቅንቅ አላለም! ጣዕምስ ይለይ ይሆን? ማጅራቱ ላይ ባለች ምልክት የሚያውቀው አንድ ትራውት ነበር። በቆርቆሮ ቱቦ አስር የሞቱ የቤት ዝንቦች እፍ አለለት፤ ሁሉንም ለቀመ። ከዚያ ሠላሳ ሌሎች ዝንቦች በሚያቃጥል በርበሬና በሰናፍጭ ለውሶ ላከለት። እነሱንም ተቀበለ፤ ሃያዎቹንማ ገና ውሃውን ሲነኩ ነው ያፈሳቸው።

ሮናልድስ በዚህ ልቡ ቆረጠ፤ ዋናው ነገር ዓሣው የሚያየው ነው። የሚያየው ደግሞ በየዕለቱ የሚበላውን ነፍሳት ነው። ስለዚህ ነፍሳቱን ማጥናት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆዩልኝ፤ ከነገሩ ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሜይፍላይ የሚባል ፍጥረት አለ። ዕድሜውን ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያሳልፈው ውሃ ውስጥ ነው፤ ትልቁ የእንግሊዝ ዝርያ ሁለት ዓመት ያህል ደለል ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። በሆዱ ግራና ቀኝ በተደረደሩ ስስ ቅጠል መሰል አካላት ይተነፍሳል። ቀኑ ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣና የልጅነት ቆዳውን ሰንጥቆ ክንፍ ያወጣል። ክንፉ ገና ደብዛዛ ነው። በረር ብሎ ሣር ላይ ያርፍና እንደገና ቆዳውን ይገፋል፤ አሁን ክንፉ እንደ መስታወት ያበራል። ክንፍ ካበቀለ በኋላ ቆዳውን የሚገፍ ነፍሳት ከእሱ ወገን በቀር የለም። ከዚያ በኋላ አይበላም፤ የሚበላበት አፍም የለው። ተገናኝቶ፣ ዕንቁላሉን ውሃው ላይ ጥሎ ይሞታል። ትራውቱም ይህን ሁሉ ደረጃ እየተከታተለ ይበላዋል፤ ታች ሳለ፣ ሲወጣ፣ ሞቶ ሲንሳፈፍ። ደብዛዛውን እየለቀመ ሳለ የሚያበራውን ብትጥሉለት ዞር ብሎ ላያያችሁ ይችላል።

ሮናልድስ መጽሐፉን በ1836 አወጣ። ሥዕሎቹን ራሱ ስሎ፣ በመዳብ ላይ ራሱ ቀረጻቸው። እውነተኛው ነፍሳት ከነሳይንሳዊ ስሙ፣ ከሥሩ እሱን መስሎ በመንጠቆ ላይ የታሰረው ዝንብ፣ ከነወራቱ። ዛሬም ድረስ በዝንብ የሚያጠምዱ ሰዎች መነሻቸው እሱ ነው።

ከዚያ ሚስቱ ሞተችበት። በ1848 ልጆቹን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ፤ በ1860 ባላራት በምትባል የወርቅ ከተማ አረፈ። በዚያ አገር ወንዝ ትራውት የሚባል አልነበረም። ዕንቁላሉ በመርከብ፣ በበረዶ ተጠብቆ ታዝማኒያ የደረሰው በ1864 ነው። ሞቱ በአራት ዓመት ቀደመው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ዓሣው ግን ጉዞውን ቀጠለ። በ1905 ከስኮትላንድ ኬንያ ገባ፤ ከኬንያም ወደ እኛ፣ ወደ ባሌ ተራሮች መጣ። ዛሬ ዲንሾ ከተማ አጠገብ በሚያልፈው በወይብ ወንዝ፣ በዳንካና በሻያ ውስጥ ይዋኛል። እንግሊዛዊው ነፍሳት ግን አብሮት አልመጣም። ወይብ ውስጥ ትራውቱ የሚበላው የባሌን ሜይፍላይ ነው፤ ከአሸዋና ከጭራሮ ቤት ሠርቶ የሚኖረውን፣ ካዲስ የሚባለውን የባሌ ነፍሳት ነው። የሮናልድስ የወራት ሰንጠረዥ የተሠራው ብርዱ አልፎ ፀደይ ለሚገባበት አገር እንጂ፣ በጋና ክረምት በዝናብ ለሚለይበት ደጋ አይደለም። ከውጭ የመጣ የዝንብ ሣጥን ይዞ ዲንሾ የሚወርድ አጥማጅ ዓሣውን ያውቀው ይሆናል፤ ምግቡን ግን ገና አላየም።

ስለዚህ ወንዙ ዳር ስትደርሱ መንጠቆውን ተዉት። ፈጠን ብሎ የሚፈስ፣ ጠጠራማ ቦታ ፈልጉ። አንዳችሁ ወንፊት ከታች ይያዝ፤ ሌላው ከላይ ድንጋዩን እየገለበጠ በእጁ ይሽ። የተያዘውን ነፍሳት ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡት። ጅራቱን ቁጠሩ፤ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ድንጋዩንም ወደ ቦታው መልሱ። እዚያው ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ጠይቁ፤ የትኛው መቼ እንደሚበር ከእነሱ የሚሻል ማን ያያል? እኔ የምመኘው እንዲህ ተጠራቅሞ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው የወይብ መጽሐፍ ነው፤ ነፍሳቱ በአገሬው ስማቸው የተጠሩበት።