ቆሞ የኖረ ሞተር ብስክሌት

ቆሞ የኖረ ሞተር ብስክሌት፣ ለብዙ ዘመን ሳይነዳ በመጋዘን ወይም በግቢ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ ተገዝቶና ታድሶ ወደ ቀድሞ ግብሩ የሚመለስ ባለሁለት መንኰራኵር ተሽከርካሪ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው የጣሊያን ሠራዊት ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ሞተር ብስክሌቶች መካከል፣ ባለአንድ ሲሊንደሩና 500 ሲሲው የሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 ይገኝበታል። እንደ ሮቢትና ቆቦ ባለው የራያ ቆላ፣ ደረቁ አየር ብረቱን ከዝገት በመጠኑ ቢጠብቅም ሐሩሩ ጎማውንና የነዳጅ ቱቦውን ያሰነጥቃል። ገዥው የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋራ ካመሳከረ በኋላ፣ ካንዴላውን ፈትቶ በሲሊንደሩ ዘይት ያንጠባጥባል እንጂ፣ ፒስተኑ በዝግታ እስኪላቀቅ ድረስ በመርገጫ ለማስነሣት አይቸኩልም፤ ቀጥሎም እንደ ሙጫ የረጋው ነዳጅ ከካርቡራተሩ ይጸዳል፣ አሮጌው ዘይትና የፍሬን ሸራ ይለወጣል። ከሁሉ የሚከብደው መለዋወጫ ማግኘት ነው፤ የታጣው ክፍል በቶርኖ ቤት ይቀረጻል።