መቅደላ ስትወጡ ስማቸውን የምትጠይቋቸው ሴቶች



ከመካነ ሰላምም ሆነ ከሌላው የወሎ ወረዳ ተነስቶ መቅደላ አምባ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል። አንዱ ሴባስቶፖል አጠገብ የተነሳው ፎቶ ነው፤ ሌላው አጼ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን የጠጡበት ታሪክ ነው። ሁለቱም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ስለ ንጉሡና ስለ አምባው ብዙዎቻችን ያልሰማናቸው ነገሮች አሉ። ለጉብኝት ለምትሄዱ ይጠቅማል ብዬ ጥቂቱን ጽፌአለሁ።

ከሽጉጡ ልጀምር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር። ለቆንስሏ ለፕላውዴን ላደረጉለት ደግነት የንግሥቲቱ ምስጋና ተቀርጾበታል። ምስጋና የተጻፈበት መሣሪያ የዚያችው ንግሥት ጦር ሲደርስ የመጨረሻ መውጫ ሆነ።

ሁለተኛው የፋሲካው ከብት ነው። የእሮጌ ጦርነት የተደረገው ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ወገን በዚያ ቀን ወደቀ። እሑድ ፋሲካ ነበርና ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ጦር መፈሰኪያ ብለው 1,000 ላምና 500 በግ ላኩ። በእኛ አገር ደንብ የተላከለትን ፍሪዳ የተቀበለ ሰው ዕርቁንም ተቀብሏል። ጄኔራል ናፒየር አልቀበልም ሲሉ ግን ንጉሡ ተስፋው እንዳለቀ ገባቸው።

ሦስተኛው ሴባስቶፖል ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ቅጂው ነው፤ ዋናው እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ አለ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ይህ መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ተራራው እየተቆፈረ፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል።

ሥራዬ ሂሳብ ነውና የጠላትን ወጪም ሳላይ አላለፍኩም። ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ዘመተ። የዘመቻው ወጪ በመጨረሻ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ፤ ይህም መጀመሪያ ከታሰበው በእጅጉ የበለጠ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ከአምባው የዘረፉትን መጽሐፍ፣ ታቦትና ዘውድ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። መቅደላ ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን እስር ቤትም ነበር። የሸዋው ልጅ ምኒልክ በልጅነቱ ተማርኮ ከመጣ በኋላ በቴዎድሮስ ቤት አደገ፤ የንጉሡን ልጅ አልጣሽንም አገባ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ሚስቱን አምባው ላይ ትቶ በሌሊት አመለጠ። የአሜሪካኖች ታላቅ መሪ ሊንከን በጥይት የተመታው በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ በስቅለት ዕለት ነው።

ምኒልክ በመጀመሪያ የሸሸው ወደ ወረ ሂማኖዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ነበር። ወርቂት ሙስሊም ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ታግቶ ነበር። ስደተኛውን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያተርፉበት ይችሉ ነበር። ንጉሡ ምኒልክ ወርቂት ሰፈር መግባቱን ሲያውቁ በቁጣ የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ ታጋቾች ጋር አስገድለው ገደል አስወረወሩ። አንዳንዱ ተራኪ ወርቂት እንግዳቸውን ላለመስጠት ቆረጡ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ገና ሲያመነቱ የልጃቸው መርዶ ደረሰ ይላል። በሁለቱም ትረካ ፍጻሜው አንድ ነው፤ ልጇን ያጣች እናት የሰው ልጅ በሰላም ወደ ሸዋ አሳለፈች።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ያ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ለዓድዋ ዘመቻ ክተት ሲል ሠራዊቱን የሰበሰበው ወሎ ውስጥ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። ለዓድዋ ድል ከተከፈለው ዋጋ ውስጥ የአንዲት የወሎ እናት ልጅ ሕይወት አለበት። ይህን ግን በየዓመቱ የካቲት 23 ስናከብር ሲነሳ አንሰማም።

ቴዎድሮስ ሲከበቡ ወርቂት እንደገና ብቅ አሉ። ሌላዋ የወሎ ገዥ ወይዘሮ መስታወትም ጦራቸውን ይዘው መጡ። አምባው እኔ ነኝ የሚገባኝ፣ እኔ ነኝ የሚገባኝ ብለው እንግሊዞች ፊት የተፎካከሩት እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን ሴት አገር አትገዛም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

የመጨረሻዋ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የደጃዝማች ውቤ ልጅ። ባላቸው በሞቱ በወሩ ገደማ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ ታመው ሞቱ፤ የተቀበሩት ትግራይ ጨለቆት ሥላሴ ነው። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ በ1872 ዓ.ም. ሞተ። አጽሙ ዊንድሰር ነው። በ2015 ዓ.ም. እንኳ ይመለስልን ሲባል ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። የአባቱ ቁንዳላ ግን በ2011 ዓ.ም. ለአገራችን ተመልሷል።

እንግዲህ እህቶቼ፣ መቅደላ ስትወጡ መድፉን እዩ፣ ፎቶም ተነሱ። ከዚያ አስጎብኚውን ስለ ወርቂት፣ ስለ መስታወት፣ ስለ አልጣሽና ስለ ጥሩወርቅ ጠይቁት። ካላወቀ ንገሩት፤ ለሚቀጥለው ጎብኚ እሱ ይናገራል። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ሐውልት ያልተሠራለት ሰው የሚኖረው ስሙን በሚጠሩት ሰዎች አፍ ነው።