የንግግር ድርጊት በአጭር ልቦለድ ምልልስ

የንግግር ድርጊት በመናገር የሚፈጸም ተግባር ሲሆን፣ ቃል መግባት፣ ማዘዝ፣ መመረቅና መራገም ከዚሁ ይመደባሉ። በአጭር ልቦለድ ጥናት ገጸ ባሕርያት በምልልሳቸው ከሚሉት ይልቅ በማለታቸው የሚያደርጉትን ለመመርመር ያገለግላል።

አመጣጥ

ሐሳቡ በአብዛኛው የሚያያዘው ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከጆን ኦስቲን ጋር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ የሰጣቸው ትምህርቶች እርሱ ከሞተ በኋላ በ1962 ታትመዋል። ቀዳሚነቱ ግን ያከራክራል፤ ጀርመናዊው አዶልፍ ራይናክ በ1913 ባወጣው ሥራ ቃል መግባትና ማዘዝ የተነገረው ሰው ሰምቶ ካልተረዳቸው የማይሟሉ «ማኅበራዊ ድርጊቶች» መሆናቸውን ተንትኖ ነበር፤ ይሁንና በ1917 በጦር ሜዳ ስለሞተ ትንታኔው ለረጅም ጊዜ ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያነበው አላገኘም። ኦስቲን በመድረክ ወይም በግጥም የሚነገር ቃል ባዶ ነው ማለቱም ሌላ ክርክር አስነሥቷል፤ ፈላስፋው ዣክ ዴሪዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን የተቃወመው ማንኛውም ንግግር ሊደገም የሚችል በመሆኑ ነው። ለምልልስ ጥናት ግን ክርክሩ ብዙም የሚያስቸግር አይመስልም፤ ደራሲው ማንንም ባይራገም፣ በታሪኩ ውስጥ የተረገመው ገጸ ባሕርይ ተረግሟልና።

ምደባ

ፈላስፋው ጆን ሰርል በ1975 የንግግር ድርጊቶችን ማስረገጥ፣ ማዘዝ፣ ቃል መግባት፣ ስሜት መግለጽና ማወጅ ብሎ በአምስት ከፍሏቸዋል።

በአማርኛ

ከዘመናዊው የአማርኛ አጭር ልቦለድ ፈር ቀዳጆች አንዱ ታደሰ ሊበን ሲሆን፣ «መስከረም» እና «ሌላው መንገድ» የተሰኙ መድበሎች አሉት። በአማርኛ ምልልስ ብዙ ድርጊቶች የሚፈጸሙት ተናጋሪው ራሱን አድራጊ ሳያደርግ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሰው የሚያመሰግነው ብድር መላሹን ፈጣሪ አድርጎ ነው፤ «በሞቴ ብላ» የሚል ጋባዥ ደግሞ እንግዳው እንቢ ማለት እንዲከብደው በራሱ ሞት ይማጸናል። «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» የሚለው መሐላ በምልልስ ውስጥ ሲገባ የታሪኩን ዘመን ጭምር ይጠቁማል። አንቱ ይባል የነበረ ሰው በድንገት አንተ ሲባል፣ አንድም የስድብ ቃል ሳይነገር ተሰድቧል ማለት ነው፤ ጥሩ ደራሲ ከዚህ በኋላ «በቁጣ» ብሎ ማብራራት አያስፈልገውም።

በአርሲ

በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ በምትገኘው ሁሩታና በአሰላ ዙሪያ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄ የተባለው በትር ንግግርን የሚያጸና ሥልጣን አለው፤ ሴት ስትበደል ሌሎች ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ እርግማናቸውም ስለሚፈራ በዳዩ ካሣ ከፍሎ ይቅርታ ይጠይቃል። የሽማግሌ ምርቃትም ቢሆን ተሰብሳቢው በአማርኛ «አሜን»፣ በኦሮምኛ «ሃ ታኡ» እያለ የሚቀበለው የጋራ ሥራ ነው። ስለዚህ መቼቱ በዚህ አካባቢ በሆነ ታሪክ ውስጥ መራቂው ብቻ ተናግሮ ተቀባዮቹ ከምልልሱ ቢወጡ፣ ይህ የጋራ ሥራ ይጎድላል፤ ተመራቂው ሆን ብሎ «አሜን» ሳይል ቢቀር ግን ያ ራሱ እንቢታ፣ ማለትም ሌላ የንግግር ድርጊት ይሆናል።