«ሪፍት ቫሊ» ሜርሎ፦ የዝዋይ ቀይ ወይን

የቦርዶ ዋነኛ ቀይ የወይን ዝርያ የሆነው ሜርሎ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ዝዋይ (ባቱ) የተተከለው ካስቴል በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን፣ ወይኑ ለገበያ የቀረበው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ፈረንሳዮች ቴርዋር የሚሉት፣ ማለትም አፈር፣ አየርና የሰው ልማድ በአንድነት ለወይን የሚሰጡት ጠባይ፣ እዚህ የሚመነጨው ከአሸዋማው አፈርና ከ1600 ሜትር ከፍታ ነው፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የፍሬውን ኮምጣጣነት ይጠብቃል። ጭማቂው ከነልጣጩ ስለሚብላላ ደማቅ ቀለሙንና ምላስ የሚያደርቀውን ታኒን ከልጣጩ ያገኛል። እርሻውን ከጉማሬና ከጅብ የሚከላከለው ዙሪያውን የተቆፈረ ቦይ ግን ለቦርዶ አልሚ ፍጹም እንግዳ ነው። የቦርዶ ስም በ1936 እ.ኤ.አ. አፔላሲዮን፣ ማለትም በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም፣ ሆኗል፤ ዝዋይም ይህ ክብር ይገባታል።