በሽቦ ላይ የተቀረጸ ዜማ፤ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መነሻና ወደ ቴሌቪዥን መግባቱ

በሆሳዕናና በዱራሜ በመዘምራን መካከል ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የኪቦርድ ነገር ነው። አንዳንዶቹ «ይህ የፈረንጅ መኪና የአባቶቻችንን ዜማ አጠፋው» ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ያለ እርሱ መዝሙር ጎዶሎ ይመስላቸዋል። እኛም በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ክርክሩን ደጋግመን ሰምተናል፤ ገብተንበታልም። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ታሪክ ስንመረምር ግን «የፈረንጅ ነው» የሚለው ቃል ከመነሻው የሚያጠራጥር ሆኖ አገኘነው። (ዘመናቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1944 ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለ የካይሮ ወጣት፣ ድምፅን በስስ የብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ከራዲዮ ጣቢያ ተውሶ፣ ሴቶች የሚያዜሙበትን የዛር ሥርዓት ቀረጸ። እስከዚህ ድረስ ከሌላው ቀራጭ የሚለየው ነገር የለም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሠራው ላይ ነው፤ ይኸውም የተቀረጸውን በጣቢያው ክፍል መልሶ እያሰማ፣ ማስተጋባቱን እየጨመረና እየቀነሰ፣ ዋናውን ቃና አደብዝዞ ከበላዩ የሚነሡትን ረቂቅ ቃናዎች አጎላ። ሥራውንም በዚያው ዓመት በካይሮ ለተመልካች አሰማ። ብዙዎች የዚህ ጥበብ አባት የሚሉት ፒየር ሼፈር የመጀመሪያ ሥራዎቹን በፓሪስ ራዲዮ ያሰማው በ1948 ነው።

ዛር ሲነሣ፣ እንደኛ በሚሲዮን ያደገ ሰው ፊቱን ማዞር ይቀናዋል። ለታሪክ ግን ነገሩ ሊዘለል አይገባም፤ የሥርዓቱ መነሻ ኢትዮጵያ ነው የሚሉ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉምና፣ ምንም እንኳ ክርክሩ ባይቈረጥ። ታሪኩ በተጻፈበት ሁሉ የአቀናባሪው ስም ይነሣል፤ ድምፃቸውን የሰጡት ሴቶች ግን በስም አይጠሩም።

በሌላ በኩል ማጋነንም አይገባም። የካይሮው ሥራ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ኖሮ፣ ከፊሉ በዲስክ የወጣው በ2000 ስለ ሆነ፣ ሼፈር ከኤል-ዳብ ቀዳ ለማለት አይቻልም። ቀድሟል፤ አላስተማረውም።

ኤል-ዳብ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ከ1959 ጀምሮ በኒውዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል ሠራ። በ1962 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር አዲስ አበባ መጣ። እንዲህ ያለው ሰው መኪናዎቹን ይዞልን ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል። እርሱ ግን በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ ተጫዋቾች እርስ በርስ ቃና እንዲያስማሙ ማድረግ ሽቦ ከመቅረጽ የቀለለ ሥራ አይመስለንም። ኋላ ማኅበሩን ተስፋዬ ለማ መራው።

በዚያው ዓመት፣ በኅዳር ወር 1963፣ የእንግሊዝ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ትርኢት በቴሌቪዥን ጀመረ። የመግቢያ ዜማውን የደረሰው ሮን ግሬነር ሲሆን፣ ዴሊያ ደርቢሻየር በ1958 በተከፈተው የቢቢሲ የድምፅ ክፍል ቴፕ እየቈረጠችና እየቀጠለች ሠራችው፤ ተጫዋች የለበትም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር 1964፣ ኤል-ዳብ ከአገራችን የወጣበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ሁለቱ ተላለፉ ማለት ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ድምፅ ወደ እኛ የመጣው በተመራማሪ እጅ ሳይሆን በባንዶች እጅ ነው፤ መጀመሪያ በኦርጋን፣ ቈይቶም በሲንተሳይዘር። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መኪና ጋር አጋብቶ የድሮ ዜማዎችን በካሴት አወጣ። የአገራችን ቴሌቪዥን በመደበኛነት ባለ ቀለም የሆነውም ከዚያ አንድ ዓመት ብቻ ቀድሞ፣ በ1984 ነበር።

ወደ ሆሳዕናው ክርክር ስንመለስ፣ የሽማግሌዎቹ ቅሬታ ጨርሶ ከንቱ አይደለም። የኪቦርድ ቃና አስቀድሞ በፋብሪካ ተለክቶ ይመጣል፤ የሐዲያ ወይም የከምባታ አዛውንት ሲያዜም ደግሞ ድምፁ በሁለት ቁልፎች መካከል ያርፋል፤ ኪቦርዱ እዚያ የሚነካው ቁልፍ የለውም። በካይሮው ሽቦ ላይ ግን ቁልፍ አልነበረም። ቅሬታው እንግዲህ ከቁልፉ ጋር ነው እንጂ ከኤሌክትሪኩ ጋር አይደለም።