ሐረሙ የማን ሽልማት ነበር?

“ጌም ኦፍ ሱልጣንስ” የሚባለው የስልክ ጨዋታ ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁ ጋ ሳይደርስ አይቀርም። ተጫዋቹ የኦቶማን ሱልጣን ይሆናል፤ ጦር ያዘምታል፣ ቪዚር ይሾማል፣ ሐረሙን በቆነጃጅት ይሞላል። ለአዋቂዎች ብቻ ተብለው የሚሠሩት ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ። በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነው የጃፓኑ አሊስሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው “ሰንጎኩ ራንስ” ነው። ባለታሪኩ ጃፓንን ግዛት በግዛት ሲያስገብር ሴቶቹም የድሉ ምርኮ ይሆናሉ።

“ጨዋታ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?” የሚል አይጠፋም። ጨዋታውን ይከልከል አላልኩም። ነገር ግን ጦርነትን፣ የቤተ መንግሥት ሴራንና ሐረምን አንድ ላይ ያሰሩት ጨዋታ ሠሪዎች አይደሉም፤ ታሪክ ራሱ ነው። እነሱ ያደረጉት ታሪኩን ገልብጦ ማቅረብ ነው።

እውነተኛው ሐረም የአሸናፊ መዝናኛ አልነበረም፤ ቀጣዩ ሱልጣን ማን እንደሚሆን የሚወሰንበት ቦታ ነበር። ሁሬምን እንውሰድ። ከዛሬዋ ዩክሬን ምድር ተማርካ የተሸጠች ባሪያ ነበረች። ሱልጣን ሱሌይማን ወግ ጥሶ አገባት። ለፖላንዱ ንጉሥ በራሷ ስም ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1553 ሱልጣኑ ከሌላ ሴት የወለደውን በሕይወት ከነበሩት ልጆቹ ትልቁን ሙስጠፋን ሲያስገድል፣ የዙፋኑ መንገድ ለእሷ ልጆች ተከፈተ።

ይህን ሁሉ ጭካኔ ብቻ አድርገን አንየው። ያኔ የአልጋ ወራሽነት ሕግ “ያሸነፈ ይግዛ” ነበር። እ.ኤ.አ. በ1595 ሦስተኛው መሕመድ ዙፋን ላይ ሲወጣ 19 ወንድሞቹን በአንድ ጊዜ አሳንቋል። ልጇ ካልነገሠ ልጇን የምትቀብር እናት ብታሴር ምን ይገርማል? ለእሷ ሴራው ልጅ ማትረፊያ ነው።

ኮሴም ደግሞ አለች። የሁለት ሱልጣኖች እናት ናት፤ ልጇ አራተኛው ሙራድ ሕፃን ሳለ ከ1623 ጀምሮ ግዛቱን በእሱ ስም አስተዳድራለች። በ1648 የስድስት ዓመት የልጅ ልጇ ሲነግሥ እንደገና ሥልጣኑን ያዘች። የሕፃኑ እናት ቱርሃን ግን ዝም አላለችም። ኮሴም የጃኒሳሪ ጦር አለቆችን ይዛ፣ ቱርሃን የሐረሙን ጃንደረቦች ይዛ ተፋጠጡ። በ1651 ኮሴም እዚያው ሐረም ውስጥ ታንቃ ተገደለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጫዋቾቹ ሴቶቹ ናቸው፤ ሱልጣኑ ገና ሕፃን ነው።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

“ጃንደረባ” ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ነው። የኦቶማን ሐረም በር ጠባቂዎችም በብዛት ከአፍሪካ፣ በተለይም ከእኛ አካባቢ የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። ቱርኮች ምፅዋንና ሱዋኪንን ይዘው “ሐበሽ” የሚል ግዛት ያቋቋሙት በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። በባሪያ ነጋዴ እጅ የወደቁት ልጆች ይሰለቡ ነበር፤ ብዙዎቹ በቁስሉ ሞተዋል። የተረፉት ኢስታንቡል ገቡ።

ከነዚህ አንዱ ሐጂ በሺር አጋ ነው። ሐበሻ ነው። ከ1717 እስከ ሞተበት 1746 ድረስ የሐረሙ ጃንደረቦች አለቃ ነበር። የመካና የመዲና ወቅፎች በእሱ እጅ ይተዳደሩ ነበር፤ በጠቅላይ ቪዚሮች ሹመትና ሽረት እጁ ነበረበት፤ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች አሠርቷል። ለ30 ዓመት ገደማ ከግዛቱ ኃያላን አንዱ ሆኖ ኖረ። ያም ሆኖ የተወሰደበትን የሚመልስለት ሥልጣን አልነበረም። ወላጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት እንኳ ታሪክ አልያዘም፤ “በሺር” የባርነት ስሙ ነው።

ጨዋታው ውስጥ የተጫዋቹ ቦታ አንድ ብቻ ነው፦ የሱልጣኑ። በእውነተኛው ታሪክ ግን የእኛ ሰዎች የቆሙት በሩ ላይ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓይነት ጨዋታ ዙፋን ላይ ስንቀመጥ በማን ዓይን እያየን እንደሆነ ብናውቀው ደግ ነው። ሐረሙን የሞሉት ሴቶችም፣ በሩን የጠበቁት ወንዶችም ከእናታቸው ጉያ ተነጥቀው የተሸጡ ናቸው። ጨዋታው “ሽልማት” የሚለው እነዚህን ሰዎች ነው።